መጀመሪያ የጠየቅኋት ጥያቄ

ስልኬ የጮኸው ማክሰኞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ወሩ ጥር፣ ዓመቱ 2016 ዓ.ም.። የደወለችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከይጁቤ። እኛ ቤት የአክስት ልጅ እህት ነው የምትባለው፤ እኔም እዚህ እህቴ እያልኩ እጽፋለሁ። ስሟን አልጠራም። ማንነቷን እንዳያሳብቁ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። ጽሑፉን ከእናንተ በፊት አንብባዋለች፤ ያልወደደችው ወጥቷል።

«ወንድም ዓለም» አለችና ዝም አለች። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» እላለሁ። አልተቋረጠም። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። የምትሠራው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ሁላችንም የምናውቀው፣ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላም የሚለው ሰውዬ ወረቀት አስጽፎ «ቤት አድርሺልኝ» አላት። አድርሳ ልትወጣ ስትል በሩን ቆለፈው።

እኔ ምን አልኩ?

«ለምን ብቻሽን ሄድሽ?»

አልጮህኩባትም። እንዲያውም ድምፄ ለስላሳ ነበር። የተናደድኩትም በእሷ አልነበረም። ግን ከአፌ ቀድሞ የወጣው እሱ ነው። ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ፤ አታነሳም። ደግሜ ስደውል ስልኩ ጠፍቷል።

ይቺን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ጠይቋታል። ስለ ሌሎቹ ከማውራቴ በፊት ግን የመጀመሪያው ጠያቂ እኔ እንደነበርኩ ይመዝገብልኝ።

*

ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። ምህንድስና የተማርኩት ባሕር ዳር፣ ፖሊ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ እሠራለሁ። በእኛ ሥራ ሌሊት ሲስተም ሲወድቅ አንድ ሕግ አለ፤ መጀመሪያ አገልግሎቱ እንዲመለስ ማድረግ። «ይሄን ኮድ ማን ጻፈው? ለምን እንዲህ አደረገ?» የሚለው በማግስቱ የሚነሣ ጉዳይ ነው፤ ያኔም ሰው ለመውቀስ አይደለም። ለማሽን ይህን ሕግ አምስት ዓመት ጠብቄያለሁ። ለእህቴ አንድ ደቂቃ አልጠበቅኩላትም።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ላፕቶፔን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የማላውቀውን ነገር አወቅሁ፦ ከአስገድዶ መድፈር በኋላ የሚደረገው ሕክምና የጊዜ ገደብ አለው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል፤ ከተጀመረ በኋላ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እርግዝናን የሚከላከለው እንክብል፣ ሰው ሁሉ ፖስት ፒል የሚለው፣ እሱም ሲዘገይ አቅሙ ይቀንሳል። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሚተላለፉ ሌሎች በሽታዎች መድኃኒት፣ ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ክትባት አለ። የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ ቢቀመጥ ማስረጃ ይሆናል፤ የሚቀመጠውም በወረቀት ነው እንጂ በፌስታል አይደለም፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ያበላሸዋል።

ይህን ሁሉ እኔ ማንበብ እችላለሁ፤ እሷ አትችልም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ክልሉ ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል። ስልክ ይሠራል፣ ዳታ የለም። ቴሌግራም የለም፣ ጉግል የለም። ማወቅ ያለባት ነገር በሙሉ እኔ ፊት ስክሪኑ ላይ ተደርድሯል፤ እኔ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ስልኬን እንዳታነሳ አድርጌያታለሁ። ሰዓቱን ስቆጥር አደርኩ። ሰኞ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከሆነ፣ ሰባ ሁለት ሰዓት የሚሞላው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው።

ረቡዕ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች። ወራት ካለፉ በኋላ «ያን ቀን ለምን ተመልሰሽ ደወልሽልኝ?» ብያት ነበር። «ሌላ የምደውልለት ሰው ስላልነበረኝ ነው» አለችኝ። ይቅር ስላለችኝ የደወለች ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አማራጭ አጥታ ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እንደዚያ መጠየቅ አልነበረብኝም። አምንሻለሁ። አሁን ምን ያስፈልግሻል?» አልኳት።

ትንሽ ቆየች። «ባረግዝስ?» አለች።

ለካ ሁለት ሌሊት ስታስብ ያደረችው እሱን ነበር። መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ያነበብኩትን ሁሉ፣ ቀስ እያልኩ፣ በጎጃምኛችን ነገርኳት። ልብሷን አላጠበችውም፤ አልጋ ሥር ወርውራዋለች። ገላዋን ግን ያንኑ ሌሊት ታጥባለች፣ ሁለቴ። «አጠፋሁ እንዴ?» አለችኝ። «አላጠፋሽም፤ አሁንም መሄድ አለብሽ» አልኳት። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ልክ እንደነበርኩ ያወቅሁት በኋላ ነው።

*

እዚያው አቅራቢያዋ መታከም አልፈለገችም። ምክንያቷን ትንሽ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። «ካርድ የምታወጣው የጎረቤታችን ልጅ ናት። ስሜን ስጽፍ ታየኛለች።» በቃ። ስለዚህ ማርቆስ።

ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በደህናው ጊዜ ጠዋት ተሳፍረህ፣ ገበያ ውለህ፣ ለምሳ ቤትህ ነህ። ያን ረቡዕ ግን መንገድ ተዘግቷል፤ አንድም መኪና አይንቀሳቀስም። ነገ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም።

ለእናቷ መንገር ግድ ሆነ። አክስቴ ስትሰማ ምን እንደምትል ፈርተን ነበር። እሷ ባደገችበት ቤት ገመና ይሸፈናል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እህቴ እንደነገረችኝ እናቷ መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና «እኔ በልጅነቴ ቅቤ ተሸክሜ ማርቆስ በእግሬ ሄጄ እመጣ ነበር» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ዳቦ ቆላ ቋጠረች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወጡ። ከመንገዱ የሚበዛውን በእግራቸው ሄዱ፤ ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ባጃጅ አግኝተው ተሳፈሩ። እኔ አዲስ አበባ ቢሮዬ ተቀምጬ ሰዓት እቆጥራለሁ። ከሰዓት በፊት አንድ መስመር ኮድ አልጻፍኩም። ስድስት ሰዓት ላይ አክስቴ ደወለች። «ገብተናል፣ ልጄ» አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር የቀረን።

እህቴ ስለዚያ ቀን ስታወራ ሁልጊዜ የምታነሣት አንዲት ሲስተር አለች። ወረቀት ሳታወጣ፣ ስም ሳትጠይቅ፣ ጫማቸው ላይ ያለውን አቧራ አየችና «ውኃ ላምጣልሽ?» አለቻት። ከዚያ በር ዘጋችና «እዚህ የምትነግሪኝ እዚህ ይቀራል። ምርመራው የት ላይ ይቁም ብትዪ እዚያ ላይ ይቆማል» አለቻት። መታጠቧን ስትነግራት «ብዙዎቹ ታጥበው ነው የሚመጡት። ሕክምናው ከዚያ ጋር አይገናኝም፤ ምርመራውም ቢሆን ይሠራል» አለቻት። ደሟ ተወሰደ። ፖስት ፒሉን እዚያው ዋጠች። የ28 ቀኑ መድኃኒት ተሰጣት። ክትባት ተወጋች።

«ውኃ ላምጣልሽ?» የሚለውን ጥያቄ እኔ አላውቀውም ነበር። እኔም እኮ ትምህርት ቤት ገብቼያለሁ።

*

መድኃኒቱ ከባድ ነው። ያቅለሸልሻታል፤ ምግብ ይዘጋታል። እኔ ሰውን የሚያስታውስ አፕ በአንድ ቀን መሥራት የምችል ሰው ነኝ፤ ግን ኢንተርኔት በሌለበት አፕ ምን ያደርጋል? በየቀኑ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ልደውልላት ተስማማን። ሃያ ስምንት ቀን፣ ሃያ ስምንት ጥሪ። «ዋጥሽ?» «ዋጥኩ።» ከዚያ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን፤ ስለ ጤፉ፣ ላሟ ስለመውለዷ፣ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሆነን ድንጋይ ስንወረውር ስለዋልንበት ቀን። አንዳንድ ቀን ዝም እንላለን፤ ካርድ ይቆጥራል፣ እኛ ዝም። ሃያ አንደኛው ቀን ላይ ሳልጠይቃት አንድ ነገር ነገረችኝ። አስታወሰቻትና አወራችው፤ እኔ «እሺ» ብቻ አልኩ። ያን ቀን ስልኩን ስዘጋ ትንሽ የተማርኩ መሰለኝ።

ምን ያህል ጊዜ እንደተናገረችው አንድ ቀን አብረን ቆጠርን። ለእኔ፣ ለእናቷ፣ ለሲስተሯ፣ ለሐኪሙ። ከዚያ ለፖሊስ፣ ለሴቶች ጉዳይ ባለሙያ፣ ለዐቃቤ ሕግ። ሰባት ጊዜ። ከእነዚህ በአንዱ ቢሮ፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ቆይ፣ አንቺ ግን ለምን ሄድሽ?» አላት። በሩ ክፍት ነው፤ ኮሪደር ላይ ሰው ተሰልፏል። «ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ» አለችኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም።

ሰባት ጊዜ መናገር ግዴታ አይደለም፤ ሌላ አሠራር አለ። ደቡብ አፍሪካ ቱቱዜላ የሚባሉ ማዕከላት አሏት፤ ስሙ በኮሳ ቋንቋ ማጽናናት ማለት ነው። ሐኪሙ፣ አማካሪዋ፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ ተጎጂዋ ወዳለችበት ይመጣሉ እንጂ እሷ በየቢሮው አትንከራተትም። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በዚሁ ሐሳብ የተቋቋመ ነው። በእኛ ሙያ ስናየው ቀላል ነገር ነው፤ ተጠቃሚው አንድ ጊዜ ያስገባውን መረጃ ደግመህ አትጠይቀውም። እዚህ ላይ ግን እያንዳንዱ ድግግሞሽ ሰው ያደማል።

*

የካቲት ላይ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ አንዱ የአጎታችን ክርስትና አባት። ገና የሠርጉ ወር ሽታ ከከተማው አልጠፋም። «ልጁ ተሳስቷል፤ ያገባታል። ካልሆነም ካሣ ይከፍላል። ነገር ከሚከርር፣ ደም ከሚመጣ» አሉ።

የአክስቴ ባል፣ ጋሼ የምለው፣ ገበሬ ነው። ከሁላችንም ይልቅ የፈራነው እሱን ነበር። ወይ ጠመንጃ ያነሣል፣ ወይ ይስማማል ብለን ነው የገመትነው፤ ሁለቱም ያስፈራሉ። እሱ ግን ጠላ ቀዳላቸውና «እሷን ጠይቃችኋል?» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተጠራች። «አልፈልግም» አለች። ጋሼ «ሰምታችኋል» አለ። በቃ፣ ሽምግልናው ያን ያህል ነበር።

የከፈለው ግን ቀላል አይደለም። ለዓመታት ጽዋ አብሮ የጠጣበት ማኅበር ሄዶ ጎኑ የሚቀመጥ ሲያጣ ቀረ። እህቴን ያን አመሻሽ ስትወጣ ያየቻት ሴትዮ መጀመሪያ «አይቻለሁ» ብላ ነበር፤ ኋላ «ጨለማ ነበር» አለች።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ላይ ተጎጂዋ ወዳ ካገባችው ደፋሪው አይከሰስም ነበር። «ወዳ» የሚለው ቃል በየመንደሩ ስንት ሽማግሌ ፊት እንደተባለ አስቡት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን አንሥቶታል። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ክሱም የግል አቤቱታ የሚጠብቅ ስላልሆነ ቤተሰብ ቢታረቅ እንኳ ወንጀሉ ወንጀል ሆኖ ይቀራል።

አንዱ አንቀጽ ግን ቆም አድርጎኛል። ሕጉ በመደፈር ለመጣ እርግዝና ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 552 ላይ ደግሞ እርግዝናው በመደፈር ለመምጣቱ የሴቷ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። ደፋሪውን ይዛ ነይ አይላትም። ምስክር አምጪ አይላትም። ለእህቴ አላስፈለጋትም፤ አላረገዘችም። እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ደረቅ የሕግ መጽሐፍ፣ ቢያንስ በዚህች ቦታ፣ እኔ ያን ማክሰኞ ማታ ማድረግ ያቃተኝን አድርጓል። ቃሏን ተቀብሏል።

*

ከፋሲካ በኋላ እህቴ አዲስ አበባ እኔ ጋ መጣች። በየሳምንቱ የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ትሄዳለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስትመለስ ፊቷን አይቼ «እንዴት ነበር?» ማለት ይቃጣኝና እተወዋለሁ። ሻይ አፈላለሁ።

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. የሕፃን ሔቨን ነገር ተነሣ። ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ ዓመት በፊት ተደፍራ የተገደለች የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ወንጀለኛው የተፈረደበት 25 ዓመት ነው። ነርስ የሆነችው እናቷ አደባባይ ወጥታ ስትናገር አገሩ ሁሉ ተቆጣ፤ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው የፍትሕ ጥያቄውን ፈረመ። እኔም ፈርሜያለሁ። ሶፋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስታገላብጥ እህቴ አንድ ስም አየች። ይጁቤ እያለች «እሷም አበዛችው፣ ለምን ሄደች?» ይላት የነበረ ልጅ ነው። የሔቨንን ፎቶ ለጥፎ «ፍትሕ!» ብሏል።

«እውነቱን ነው ያዘነው» አለችኝ። «የሰባት ዓመት ልጅን ለምን ሄድሽ የሚላት የለም።»

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ካነበብኩት ሁሉ ይቺ ትበልጣለች። ለሔቨን የተቆጣነው ትክክል ነው። ግን ቁጣችን ተጎጂዋ ምንም የምትጠየቅበት ነገር እንዳይኖራት ከፈለገ፣ ሕፃን ወይም ሬሳ ካልሆነች በቀር ማንንም አያቅፍም። የሃያ አንድ ዓመት ሴት ሥራዋን ልትሠራ ወጥታ፣ በሕይወት ተመልሳ፣ ስልክ ስትደውል የት አለን?

ስለ ፊልሙ ስለ «ድፍረት» ያወራነውም በዚያው ሰሞን ነው። አርሲ ውስጥ በ14 ዓመቷ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችው የአበራሽ በቀለ ታሪክ ነው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፣ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ነፃ አወጣት። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ አዲስ አበባ ሲመረቅ ግን ዕይታው በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ያሳገደችው ራሷ አበራሽ ነበረች። ታሪኬ ነው፣ እኔን ግን አልጠየቃችሁኝም ነው ነገሩ። ይህን ለእህቴ ስነግራት ሳቀች። «አየህ፣ ጠይቀኝ» አለች። ይህ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ የተጻፈው ለዚያ ነው።

*

መዝገቡ አልተዘጋም። ቀጠሮ አለ፣ ቀጠሮ ይቀጠራል፤ መንገድ ሲዘጋ ይተላለፋል። የኤችአይቪ ምርመራዋን በሦስተኛው ወር ደግማ ነፃ መሆኗን አውቃለች። ሥራ ይዛለች። ሰው ቤት ዕቃ ማድረስ ያለበት ሥራ አትቀበልም። ይጁቤ ስትሄድ በገበያው በኩል ዞራ ነው ቤት የምትገባው።

አንድ ቀን አንቺም ወይም አንተ ስልክ ይደወልላችኋል ብዬ እገምታለሁ። ኤክስፐርት መሆን አያስፈልግም። «አምንሻለሁ»፣ «አሁን ምን ያስፈልግሻል?»፣ «አብሬሽ ልሂድ?»። ከዚያ ሰዓቱን ቁጠሩ። ሕክምናው የፖሊስ ደብዳቤ አይጠብቅም፤ መክሰስ አለመክሰሷን ነገ ትወስናለች። ጠበቃ ካስፈለገ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ቤቷ መቆየት ካልቻለች የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያዎች አሉት። «ለምን» የሚለው ሰውዬውን የሚመለከት ጥያቄ ነው፤ እሱን ጠይቁት።

የመጨረሻውን ረቂቅ ለእህቴ ሰጥቻት ሦስት ዓረፍተ ነገር አስወጣች። አንድ ደግሞ አስጨመረች። «ያጠፋች የመሰላት ሴት ልታነበው ትችላለች» አለችኝ፤ «እሷም ታጥባ ነበር፣ እንደዚያም ሆኖ ሄዳለች በልልኝ።»